መዶሻን የጣልኩት እኔ ነኝ

አጎቴን ከቡጢ መድረክ ያወረድኩት እኔ ነኝ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ በአንድ እጄ፣ ላብ እንኳ ጠብ ሳይለኝ። ከእኔ በፊት አሥራ ዘጠኝ ጎረምሶች ሞክረው ነበር፤ አሥራ አንዱ በዝረራ፣ ስምንቱ በነጥብ ተሸንፈው ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ሃያኛዋ እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ሃያ አራት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ያልሳቀብኝ ተሳፋሪ የለም፤ ካሰበበት ያልደረሰም የለም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሰፈሩ ሁሉ «መዶሻ» ይለዋል። እኔ ደግሞ ቀጭንና አጭር ሆኜ ከእግሩ ሥር ስለማልጠፋ «ሚስማር» የሚል ስም አወጣልኝ። የምንኖረው እናቴ ልብስ በምትሰፋበት ቤት ነበር፤ ወደ መንገዱ ያለው ክፍል የስፌት መኪናዋ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዋና የጨርቅ ጥቅልሎቿ መንግሥት ነው፤ ከኋላ የእኔና የእሷ መኝታ፤ በጓሮ ያለችው ቆርቆሮ ክዳን ክፍል የመዶሻ ናት። ቀን ቀን እንጨት መሰንጠቂያው ቤት ሳንቃ ይሸከማል፤ ከሥራ ሲወጣ ልምምድ ይሄዳል። ወደ ቤት ሲመጣ የእንጨት ብናኝ ሽታ ቀድሞት ይገባና ቦታ ያስለቅቅለታል።

ግዝፈቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ? በር ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል። ደረቱ ቁም ሣጥን፣ መዳፉ አካፋ ነበር። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና በትከሻው ገፍቶ አስነስቷል፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን ጊዜ ፎቶውን አገኘሁና ብመለከተው ከእናቴ የሚበልጠው በአንድ ስንዝር ነው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ክብደትም ከቀላሎቹ ምድብ ነው። ፎቶው ይዋሻል።

በዚያ ዓመት መዶሻ ለከተማው ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰ። የሚገጥመው «ቡልዶዘር» የሚባለውን ሲሆን፣ ቀኑ ከአምስት ሳምንት በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው። እናም ፍጻሜው እየቀረበ ሲመጣ አጎቴ ላይ የታላቅነት ምልክት ይታይበት ጀመር። በመጀመሪያ አንገቱ ተለወጠ። ዶሮ ጥሬ ከመልቀሟ በፊት እንደምታየው፣ ፊቱን ወደ ግራ መለስ አድርጎ በቀኝ በኩል ሰውን ያያል። ይህ ንቀት ነው፤ ለፍጻሜ የደረሰ ሰው ተራውን ሕዝብ ፊት ለፊት አያይም አልኩ። ሻይ ሲቀዳ ደግሞ ከብርጭቆው አጠገብ፣ ልክ ጠረጴዛው ላይ ይቀዳዋል። እናቴ የተቆረጠ ጨርቅ ላይ ጠብታ ውኃ ያፈሰሰን ሰው በመቀስ የምታሳድድ ሴት ናት፤ አሁን ግን ድምጿን ሳታሰማ በጨርቅ ትጠርጋለች። ሻምፒዮንን አይቆጡትም ማለት ነው። በበሩም ሲያልፍ መቃኑን በግራ ትከሻው ገጭ ያደርገዋል። ምስኪን በር፣ ልምምድ ሆነለት እያልኩ አዝንለታለሁ።

ያየሁትን ደብቄ የማስቀምጥ ሰው አይደለሁም። ትምህርት ቤት ሄጄ «የሻምፒዮን አንገት» አስተማርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ሦስት መቶ ተማሪ አንገቱን አጣሞ ይሄድ ጀመር። እሺ፣ አርባ። አስተማሪያችን የጆሮ ሕመም የገባ መስሏት ለየወላጆቻችን ደብዳቤ ጻፈች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም የመዶሻ አሰልጣኝ መጣ። «ዙር» ነው የሚባለው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው ሰዓት የማትለካው ነገር የለም፤ ሻይ እንኳ ሲጠጣ ሦስት ደቂቃ ጠጥቶ አንድ ደቂቃ ያርፋል። ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ የሦስቱ እግር ብቻ ነበር፤ የእናቴ እግር የመኪናውን መርገጫ ተጭኗል፣ የዙር እግር ይቁነጠነጣል፣ የመዶሻ እግር እንደ ተተከለ እንጨት ቆሟል።

«ይህን ነገር እኔ ፊት አታምጣብኝ» አለች እናቴ።

«እህቴ፣ ወረቀት ናት። በቃሉ ከያዛት ያልፋል።»

«ካለፈ በኋላስ?»

«ከዚያማ ሦስት ዙር ነው። ዘጠኝ ደቂቃ። የዚህን ሁሉ ዓመት ልፋት ለዘጠኝ ደቂቃ ብሎ ይተወው?»

እናቴ መርገጫውን ረገጠችው። መልስ ሲያጥራት ወይም መልሱ ሲበዛባት መኪናዋን ነው የምታናግረው፤ ቤቱ በስፌት ጩኸት ተሞላ፣ ያለ ጨርቅ ሰፋች። ዝም ስትል የአጎቴ ድምፅ ተሰማ። አንድ የሚያነብለት ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም። እናቴ እሷ እንደማታነብለት ነገረችው። እኔ ደግሞ በንባብ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አልኩና እኔ አነብለታለሁ አልኩ። ሦስቱም ዘለሉ። እናቴ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ወንድሟን አየችው፣ ከዚያ ክር ለመቀየር ጎንበስ አለች። ክሩ አላለቀም ነበር።

ወረቀቷ አራት ቦታ የታጠፈች፣ በእርሳስ ቀስት የተሣለባት ናት። በመጀመሪያው መስመር አንድ ቀስት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች ይበዛል። አንዱ ቀስት ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ታች ይመለከታል። ሥራዬ ቀላል ነበር። መዶሻ ጓሮ ዱካ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ «ሦስተኛ መስመር!» እላለሁ፤ እሱ በመዳፉ እያሳየ «ላይ፣ ግራ፣ ታች» ይላል። ከተሳሳተ በእናቴ የእንጨት ሜትር ጉልበቱን እመታዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ያሸነፈ ሰው በሜትር ስመታው «ይቅርታ፣ ሚስማር» ይለኝ ነበር።

ነገሩ ለእኔ እንደ ቀን የጠራ ነበር። ይህ ምስጢራዊ የቡጢ ቅንብር ነው። ላይ ማለት አገጭ ነው፣ ታች ማለት ሆድ ነው፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ጎንና ጎን። ለነገሩ ጠይቄዋለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለቡልዶዘር ነው?»

«አዎ፣ ያለዚህ ከቡልዶዘር ጋር አልገናኝም» አለኝ።

አልዋሸኝም። አንዲት ቃል አልዋሸኝም። ይህን የተረዳሁት ግን ስንትና ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ምስጢሩን ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። መሐላዬንም ጠበቅኩ፤ እስከ ማግስቱ የመጀመሪያ ደወል ድረስ። የጫማ ሰፊው ልጅ ባይነካካኝ እስከ ሁለተኛው ደወል እቆይ ነበር። እሱ ነው መጥቶ ታላቅ ወንድሙ ልምምድ ቦታ እንዳየ፣ መዶሻ የተንጠለጠለውን ከረጢት ስቶ አየር ሲመታ እንደነበረ፣ ሰው ሁሉ «ለፍጻሜው አይገባም» እንደሚል የነገረኝ። ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ ከአንደኛው እስከ አምስተኛው መስመር ያለውን ቅንብር ለክፍሉ ሁሉ በእጄ አሳየሁ። በምሳ ሰዓት አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ «ላይ፣ ግራ፣ ታች» ይል ነበር። ከዚያ ተወራረድን። መዶሻ ቅዳሜ መድረክ ላይ ከወጣ የጫማ ሰፊው ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጫማዬን ይወለውላል። ካልወጣ እኔ ደወሉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማኝ፣ «አጎቴ ፈሪ ነው» እላለሁ። ጫማዬ የሚያበራውን ብርሃን እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ፍጻሜው አምስት ቀን ሲቀረው የምርመራው ቀን ደረሰ። ሁለቱም ተጋጣሚዎች ከክሊኒክ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካላመጡ መድረክ አይወጡም። እናቴ ከትምህርት ቤት አስቀርታ አብሬው እንድሄድ አደረገችኝና ደጃፍ ላይ፣ «በግራው በኩል ያዢው። መንገድ ስትሻገሩ እጁን እንዳትለቂ» አለችኝ። ሻምፒዮንን የሚጠብቀው ዘበኛ እኔ ነኝ ማለት ነው። ደረቴን ነፍቼ የግራ እጁን ያዝኩ። ዙር ሰዓቱን እየነካካ ከኋላችን ተከተለ።

ክሊኒኩ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ የተቀባ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር ያለበት፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ኮሪደር ነበር። ገና ልንቀመጥ ስንል ፊት ለፊታችን ያለው በር ተከፈተና ቡልዶዘር ወጣ። እውነት ለመናገር ሲወጣ በሩ ራሱ ወደ ኋላ ሸሸት ያለለት መሰለኝ። ማኅተም ያለባትን ወረቀት በሁለት ጣቱ ይዟታል። ለአጎቴ «ቅዳሜ እንገናኛለን፣ ወንድሜ» አለውና የእኔን ጭንቅላት ዳበስ አድርጎ አለፈ። ጭንቅላቴን ወዲያው በቀሚሴ ጠረግኩት።

ዙር አግዳሚው ላይ ቀረ፤ እኛ ገባን። የዓይን ሐኪሟ ሽበት የጣለባቸው፣ መነጽራቸውን በገመድ ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። መዶሻን ከግድግዳው ራቅ ብላ ባለች ወንበር ላይ አስቀመጡትና ቀኝ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ አሰሩት። «በግራው እንጀምራለን» አሉ። ከዚያ ካርዱን ሊያመጡ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ያየሁት።

ነጭ ሰሌዳ ነበር። ላዩ ላይ ሦስት ጥርስ ያላት ማበጠሪያ የሚመስል ጥቁር ቅርጽ ተሥሏል። ከላይ እንደ መስኮት የምታክል አንዲት ማበጠሪያ፤ ከሥሯ አነስ ያሉ ሁለት፤ ከእነሱ ሥር ሦስት፤ እየበዙና እያነሱ ሄደው ከታች ጉንዳን ያክላሉ። ጥርሳቸውን ደግሞ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ታች አድርጋለች። ሦስተኛውን መስመር አየሁት፤ ላይ፣ ግራ፣ ታች። አራተኛውን አየሁት። ፀጉሬ ቆመ። ምስጢራችን፣ በሜትር እየመታሁ ያስጠናሁት ምስጢር፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል! ቡልዶዘርም አሁን ከዚሁ ክፍል እየሳቀ ወጥቷል!

አንድ ሌላ ልጅ ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ አሰብኩ። ሰሌዳውን ብሰብረው ይታወቅብኛል። ብገለብጠው ግን ላይ የነበረው ታች፣ ግራ የነበረው ቀኝ ይሆናል፤ ቡልዶዘር ተመልሶ ቢመጣ የሚማረው የተገላቢጦሹን ነው። አጎቴ እንደሆነ በቃሉ ይዞታል። ሰሌዳው ላይና ታች ቀዳዳ አለው፤ በአንዲት ሚስማር ነው የተንጠለጠለው። የሐኪሟን ዱካ ጎትቼ ወጣሁበትና ገለበጥኩት። በአንድ እጄ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሌላው እጄ እንዳልወድቅ ግድግዳውን ይዞ ነበር።

ከዱካው ስወርድ ወደ አጎቴ ዞር ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እሱም ዝም አለ። ጥቅሻም ሰጠሁት፤ ፈገግ አላለም፣ አልተቆጣም፣ ባለበት ወደ ግድግዳው ተቀምጧል። ተግባብተናል ብዬ ልቤ በደስታ ሞላ።

ሐኪሟ ካርዱን ይዘው ገቡ። ሰሌዳውን አዩ። ቀጥሎ ዱካውን፣ ቀጥሎ እኔን። ሊያስተካክሉት እጃቸውን አንስተው ነበር፤ ከዚያ ግን መዶሻን አዩት። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። እጃቸውን መለሱና ቀጭን ዘንጋቸውን አነሡ። ጉንዳኖቹ ወደ ላይ ወጥተዋል፤ የዘንጉን ጫፍ በጉንዳኖቹ መካከል አሳረፉ።

«ከላይ እንጀምር። ትልቋ ናት ትንሿ?»

መዶሻ ሳቅ አለ። «ትልቋ ናት እንጂ፣ ዶክተር። የቤት በር ታክላለች።»

«ወዴት ታያለች?»

«ወደ ቀኝ።»

ቀጠሉ። እሳቸው ዘንጉን ባሳረፉ ቁጥር እሱ በመዳፉ እያሳየ፣ በሙሉ ድምፅ፣ አንዲትም ሳይሳሳት እስከ መጨረሻው መስመር ወረደ። ሜትሩ እጄ ላይ ቢኖር አንድ ጊዜ እንኳ አልመታውም ነበር። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። መጨረሻው ላይ ሐኪሟ የዘንጉን ጫፍ መስኮት በምታክለው ማበጠሪያ ላይ አድርገው ነበር፤ እሱ ግን «ይቺማ በጣም ደቃቃ ናት፤ ቢሆንም ወደ ታች» አላቸው።

ሐኪሟ ከኋላው ሄደው ጨርቁን ፈቱለት።

መዶሻ በቀኝ ዓይኑ ሰሌዳውን አየ። ከሥሩ እኔ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ።

«ሚስማር፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ፤ ቁጣ የለበትም።

«ቡልዶዘር እንዳይማርብህ ነዋ» አልኩት በሹክሹክታ።

ሐኪሟ ሰሌዳውን አቀኑና ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ካሉት ለእኔ የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው፤ ከዓይኑ ጀርባ ስላለ ስስ ሽፋን፣ ስለ መላጥ፣ አንድ ምት ቢያርፍበት ሙሉ በሙሉ ስለ መጥፋት፣ ቡጢ ደግሞ ቀኝና ግራ ስለማይመርጥ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ እንዲህ አሉት፤

«እኔ አልፈርምልህም። ነገር ግን አልዋሽህም፤ ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ ሌላ ክሊኒክ አለ፣ ያው ሰሌዳ ነው ያላቸው። በቃልህ ይዘኸዋል። እዚያ ደግሞ ይቺ ልጅ የለችም።»

ኮሪደሩ ላይ የዙር ሰዓት ስትጮህ የምሰማት መሰለኝ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር እንደተበላሸ፣ ያበላሸሁትም እኔ እንደሆንኩ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። እንባዬ ድምፅ ሳያሰማ ይወርድ ጀመር።

«ጨርቁን አንዴ ይመልሱልኝ» አላቸው ሐኪሟን። ቀኝ ዓይኑን መልሰው አሰሩለት። «ሚስማር፣ ነይ ፊት ለፊቴ ቁሚ።»

ሦስት እርምጃ ቀርቤ ቆምኩ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ብዙ ቆየ።

«እየሳቀች ነው» አላቸው።

ሐኪሟ አልመለሱለትም። እኔም ዝም አልኩ፤ አፍንጫዬ ግን ዝም ማለት አልቻለም፣ ሳብ አደረግኩት። ሰማ። እጁን ዘረጋ፤ ጉንጬን ስቶ አየር ነካ፣ ቀጥሎ ጆሮዬን አገኘ፣ ከጆሮዬ ተነስቶ ጉንጬ ላይ ደረሰ። ጣቶቹ ረጠቡ። ያን ጊዜ ጨርቁን ራሱ ፈታ፤ ጠርዙን ከጠርዝ አግጥሞ፣ የልብስ ሰፊ ወንድም እንደሚያጥፈው አራት ቦታ አጠፈና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«በቃኝ» አለ።

ዙር ውጭ ሲሰማ ብድግ አለ። ሌላው ክሊኒክ ቅርብ እንደሆነ፣ አሁኑኑ ቢሄዱ እንደሚደርሱ ነገረው፤ ለመነው፤ መጨረሻ ላይ ተናደደ። «ሸሸ ይሉሃል። ዕድሜ ልክህን መዶሻ ሸሸ ይሉሃል።»

«ይበሉ» አለ አጎቴ።

ዙር ሰዓቱን አየ። ምንም እየቆጠረች አልነበረችም።

ስንመለስ በግራው በኩል አልሄድኩም። ሆን ብዬ ወደ ቀኙ ዞርኩ። የጫማ ሰፊው ልጅ፣ ድንጋዩ፣ አርባው ተማሪ በፊቴ ተደቅነዋል። መንገድ ዳር ቆሞ የነበረ የብርቱካን ጋሪ በግራው ነበር፤ ገጨው። ብርቱካን ተንከባለለ። ያየውን ያህል ለቀመ፤ እኔ አንድ አላነሳሁለትም።

«ፈሪ ነህ» አልኩት።

«ይሆናል» አለና ከባለ ጋሪው ሁለት ብርቱካን ገዝቶ አንዱን ሰጠኝ። እንዳኮረፍኩ በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር።

እናቴ ማታ እራት ላይ በምታውቀው ቋንቋ ልታስረዳኝ ሞከረች። የአጎቴ ዓይን እንደ ኮት ነው፣ ውስጡ ገበር አለው፤ ገበሩ ጥጉ ላይ ተተርትሯል፤ የተተረተረ ኮት ለብሶ የሚጋፋ ሰው እጅጌውን ብቻ ይዞ ነው የሚመለሰው። «ታዲያ በአንዱ ዓይኑ አይዋጋም?» አልኳት። እናቴ ልትመልስልኝ ነበር፤ መዶሻ ሳቀና «እውነቷን ነው፣ የቀረኝ ዓይን በግማሽ ደመወዝም ቢሆን ሥራ ላይ ነው» አለ። ሲስቅ ሾርባውን ከሳህኑ ውጭ አፈሰሰው። እናቴ ጮኸችበት። ያ ጩኸት ከስንት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ ሻምፒዮንነቱ እንዳበቃ ያወቅኩት በእሱ ነው። እሷ ግን፣ ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቀን እፎይ ብላ ነው የጮኸችው።

ቅዳሜ ቡልዶዘር ከተጠባባቂ ጋር ተጋጥሞ አሸነፈ። ሰኞ ዕዳዬን ለመክፈል ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ሹክ ብዬ ልለው እችል ነበር፤ እኔ ግን ሹክ ማለት አላውቅበትም። «አጎቴ ፈሪ ነው!» ስል ሰባት ሰፈር ተሰማ። ማንም አልሳቀም። ቅንብሩን ካስተማርኳቸው አንዱ እጁን እንኳ አላነሳም። ስወርድ የጫማ ሰፊው ልጅ ፊቴን አላየም፤ መሬት መሬት እያየ፣ «የጫማሽ ማሰሪያ ተፈትቷል» ብቻ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ መዶሻ ጓሮ ሳንቃ ይልጋል።

«ሰማሁሽ» አለኝ ቀና ሳይል። «ሳንቃ ይዤ በአጥሩ ሳልፍ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

«ጥሩ ድምፅ አለሽ። ደግሞ ውርርድሽን ከፍለሻል፤ ስንቱ ትልቅ ሰው አይከፍልም። አሁን ያን ጫፍ ያዢልኝ።»

ጫፉን ያዝኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቼ እንደታረቅን አላስታውስም፤ የሳንቃው ጫፍ ግን እጄ ላይ ቀረ።

ቡልዶዘርም አንድ ቀን ሱፍ ጨርቅ ተሸክሞ እናቴ ዘንድ መጣ። ክንዱን ሲለካ ቆሞ መዶሻን፣ «እንኳን አልተገናኘን። ግራ ግራውን በለው ብለውኝ ነበር» አለው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ፣ ፈርቶ ነበር ማለት ነው ብዬ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አወራሁ። አልፈራም ነበር፤ የአጎቴ ግራ ዓይን እንደማያይ ሰዎቹ ቀድመው አውቀው ነግረውት ነው። ይህችን ቃል ዛሬም ሳስታውሳት ጀርባዬን ይበርደኛል።

መዶሻ አናጺ ሆነ። በአንድ ዓይን አናጺ ይሆናል ወይ ለሚለኝ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ማንኛውም አናጺ ሳንቃ ቀጥ ማለቱን ለማየት አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አጎቴ ከሌላው ቀድሞ ጨፍኖ ነው የመጣው። በከተማው ካለው በር ግማሹን የገጠመው እሱ ነው። እሺ፣ ሩቡን። አንዱም በር የሰው ግራ ትከሻ የሚገጭ አይደለም፤ ሁሉንም ሰፋ አድርጎ ነው የሚሠራው።

ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ መንጃ ፈቃዴ ዓይኔን ልታይ ስሄድ ነው። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ነበር። እጄ ከእኔ ቀድሞ ላይ፣ ግራ፣ ታች አለ። እዚያው ወንበሩ ላይ ሳቅኩ፣ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ መርማሪው ውኃ አመጣልኝ። ያን ጊዜ ግን ዓይኔ የንስር ነበር፤ ጉንዳኖቹን ብቻ ሳይሆን የጉንዳኖቹን ቅንድብ አያለሁ።

አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የመንጃ ፈቃዴ እድሳት ባለፈው ወር ደረሰ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አመሻሽ ላይ ከፊቴ ያለው መኪና ታርጋ ይደበዝዝብኛል። አቧራ ነው፣ መስታወቱ ነው፣ ታርጋ ጸሐፊዎች ሰነፉ እያልኩ ከረምኩ። አንድ ቀን ማቋረጫ ላይ አንዲት ሴት ያየኋት ፍሬኑን ከረገጥኩ በኋላ ነው፤ እግሬ አየልኝ እንጂ ዓይኔ አላየም። ዓይኗ የደከመ ሹፌር ደግሞ ሥልሳ ሰው አትጭንም፤ ወረቀቱን ካላገኘሁ አውቶቡሴን ለሌላ ይሰጡታል። አጎቴ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፤ አብሬሽ ካልሄድኩ ብሎ መጣና ኮሪደሩ ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። ሰሌዳው ያው ሰሌዳ። ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች አየኋቸው። ከዚያ በታች ያለው ጭጋግ ነው። እጄ ግን ጭጋግ አያውቅም፤ አራተኛ መስመር፣ አምስተኛ መስመር፣ እየዘመረ ወረደ።

«በጣም ጎበዝ፣ እናቴ፤ በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን አላየሁም» አለኝና ማኅተሙን አነሣ።

በሕይወቴ ሙገሳ መልሼ አላውቅም። ማኅተሙ ቀለሙ ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ሳል አለ፤ የማን ሳል እንደሆነ አውቃለሁ።

«ቆይ፣ ልጄ» አልኩት። «ሰሌዳውን ገልብጠው።»

አልገባውም። ተነሥቼ ራሴ ገለበጥኩት፤ አሁንም በአንድ እጄ። ተመልሼ ተቀመጥኩና የማየውን ነገርኩት። የማየው ትንሽ ነበር።

ልጁ የመሞከሪያውን ብረት መነጽር አፍንጫዬ ላይ ጫነልኝና መስታወቱን እየቀያየረ ይሞክር ጀመር። አንዱ ላይ ሲደርስ ጉንዳኖቹ ከነእግራቸው መጡ። በዚህ መነጽር መንዳት እንደምችል፣ ያለ እሱ ግን አንዲት እርምጃ እንደማይፈቅድልኝ፣ ያንኑም ወረቀቱ ላይ እንደሚጽፍ ነገረኝ። ብረቱን እንዳደረግኩ በሩን ከፍቼ ብቅ አልኩ።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። መዶሻ ከዚያኛው ጫፍ አንገቱን መለስ አድርጎ በቀኝ ዓይኑ አየኝ።

«እንዴት ሆንሽ?»

«መነጽር» አልኩት።

ኮሪደሩ ሙሉ በሽተኛ እየሰማ፣ ሰባት ሰፈር በሚደርስ ድምፅ፣ «ፈሪ!» አለኝ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሱ ግን እየሳቀ ነበር። ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ ጥርሱን አንድ በአንድ አየሁት።